አበባው ሞልቷል፣ ወፍ ግን የለም

ጓሮዬ፦
ሰላም ናችሁ? ጽጌረዳ በሉ ጀራንየም በሉ፣ ጓሮዬ ውስጥ ያልተከልኩት የለም። የሚያዜሙ ወፎች ይመጡልኛል ብዬ ነበር፣ እነሱ ግን አጥሩ ላይ አረፍ ይሉና ወዲያው ብር ብለው ይሄዳሉ። ጎረቤቴ ግቢ ግማሹ አረም ነው፣ ጠዋት ጠዋት የሚንጫጩት ግን እዚያ ነው። ምን ዓይነት አበባ ልትከል? ጥሬ መበተን አልፈልግም፣ በአበባ ብቻ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

ዘር ለቃሚ፦
ወፍ አበባ አይቶ ሊያደንቅ አይመጣም፣ ሊበላ ነው የሚመጣው። ድርብርብ ሆነው የተዳቀሉ አበቦች ለዓይን ያምራሉ እንጂ ብዙዎቹ ዘርም የአበባ ማርም እምብዛም የላቸውም። የሱፍ አበባ፣ ዚኒያ፣ ኮስሞስ ትከል፣ ነጠላውን ዓይነት። ትልቁ ነገር ግን አበባው ሲደርቅ አለመቁረጥ ነው! ሁላችንም መቀሱን ይዘን የምንሮጠው ልክ ዘሩ በሚደርስበት ሰዓት ነው። ደርቆ ይቁም፣ ወፍራም ምንቃር ያላቸው ትንንሾቹ ወፎች ራሱ አበባው ላይ ተንጠልጥለው ይለቅሙታል።

ቅጠል በል፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ዘር የሚበሉት ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ጫጩት ሲያሳድጉ የሚመግቡት ነፍሳት ነው፣ በተለይ አባጨጓሬ፤ ለስላሳ ነው፣ ፕሮቲንና ስብ አለው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ቺካዲ የሚባሉ ትንንሽ ወፎች አሉ፣ ወንዱና ሴቷ አንድ ዙር ጫጩቶች ከጎጆ እስኪወጡ ከ6000 እስከ 9000 አባጨጓሬ ያመላልሳሉ። ስለዚህ ቅጠልህ ላይ አንድም ቀዳዳ ከሌለ ለወፍ ባዶ ቤት ነው። አባጨጓሬ ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ጌጥ ተክል ላይ ብዙም አይገኝም፣ የአካባቢህን የዱር አበባና ቁጥቋጦ ነው የሚወደው። ፀረ ተባይ የምትረጭ ከሆነ ደግሞ እዚህ የምንመክርህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጓሮዬ፦
እረጫለሁ እንጂ፣ ክሽክሹ (ያ የተክል ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ) ጽጌረዳውን ሲወረው ዝም ብዬ ልየው? የደረቀ አበባ አቁም ስትሉኝም ቤት ውስጥ ጦርነት ነው የሚነሳብኝ፣ ግቢው የተተወ ይመስላል ይሉኛል።

ቅጠል በል፦
ክሽክሹን በውሃ ግፊት ከግንዱ ላይ እጠበው፣ የቀረውን ወፎቹ ይለቅሙታል። ለጦርነቱ ደግሞ መንገድ ዳሩን ብቻ አሳምረህ ከርክመው፣ ከኋላ ያለው ይደግ። ዳሩ ከተስተካከለ ሌላው ሆን ተብሎ የተተወ ነው የሚመስለው።

ቀይ ቱቦ፦
ማር ቀሳሚዎቹን ረሳችኋቸው። ረጅም ቀጭን ምንቃር ያላቸው ወፎች ካሉ እሬትና ሳልቪያ ትከል፣ ማለትም አበባው እንደ ቱቦ የረዘመ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ። ሽታው ብዙ አይስባቸውም፣ ቀለሙ ነው። የአሜሪካዎቹ ሃሚንግበርድ አየር ላይ እንደቆሙ ይቀስማሉ፣ የአፍሪካና የእስያዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ አርፈው ነው፣ ስለዚህ ጠንካራ ግንድ ያለው ይሻላቸዋል።

ውሃም አስቀምጥ። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲሜትር አይብለጥ፣ ቶሎ ቶሎ ካልቀየርከው ትንኝ ትፈለፍላለህ። ዕቃውን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሥር አታድርገው፣ ድመት እዚያ ነው የምታደፍጠው። አበባው ትልቅ መስታወት ፊት ለፊት ከሆነም ወፎቹ ነጸብራቁን ሰማይ ወይም ዛፍ እየመሰላቸው ይጋጩበታል፤ ከውጭ በኩል በየ5 ሴንቲሜትሩ ነጠብጣብ ለጥፍበት። አንድ ተለጣፊ ሥዕል ብቻ ምንም አያደርግም።

ጓሮዬ፦
እሺ፣ መርጨቱን አቆምኩ። ሱፉን አሁን ብዘራ መቼ ነው የሚመጡት?

ዘር ለቃሚ፦
እንደ ዝርያው ቢሆንም ለማበብ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል፣ ዘሩ እስኪደርስ ደግሞ ከዚያ በላይ። ሁሉንም ባንዴ አትዝራ፣ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አድርገው።

ቀይ ቱቦ፦
ቡቃያውንም ሸፈን አድርገው፣ አንዳንዶቹ ወፎች ገና ሲበቅል ነው የሚነቅሉት 😄