ኬሞው አለቀ፣ እጄ ግን እንጀራ መጋገር አቃተው

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም እህቶች። እስካሁን የእናንተን አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። 43 ዓመቴ ነው። አምና በቀኝ ጡቴ ላይ እብጠት ተገኘ። ተገኘ እላለሁ እንጂ ገላዬን ስታጠብ እጄ ላይ ካረፈ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። አያመኝም፣ ስለዚህ ዝም አልኩት። ከዚያ መርፌ፣ ከዚያ ናሙና፣ ከዚያ ያ ቃል። ጡቴ ወጣ፣ ከብብቴም እጢዎች ተወሰዱ። ስምንት ዙር ኬሞ በየ21 ቀኑ ወሰድኩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ያ ቀዩ መድኃኒት ያለባቸው ናቸው፣ የወሰደ ያውቀዋል። ሽንት ቀይ እንደሚያደርግ ማንም አልነገረኝም ነበርና የመጀመሪያው ማታ ደም መስሎኝ ጮኼ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀስኩት። ጨረሩን አዲስ አበባ ጨርሼ ከተመለስኩ አሁን አራት ወሬ ነው።

እንደመጣሁ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰፈሩ ሁሉ አልሃምዱሊላህ ዳንሽ አለኝ። እኔም ዳንኩ ብዬ ተነሳሁ። ሊጥ አቦካሁ፣ ጀሪካን ተሸከምኩ፣ ልብስ አጠብኩ። ባለፈው ሳምንት እንጀራ ስጋግር አክንባሎውን ሳነሳ እንፋሎቱ የቀኝ እጄን አንጓ ለበለበኝ። በማግስቱ እጄ ከክርን በታች አበጠ። ቀለበቴ በሳሙናም አልወጣ አለ። አማቴ «ሳትሠሪ ስለቆየሽ ነው፣ ወጌሻ ቢያሽሽ ይለቅሻል» ይላሉ። ክፉ ሆነው አይደለም። በኬሞው ጊዜ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ግን የዳንኩ ሰው ነኝ በቃ፣ ለእሳቸው አልቋል።

ሁለተኛው ጉዳዬ ታሞክሲፌን ነው፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ የታዘዘልኝ ክኒን። 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ። ሙቀቱ ገደለኝ! ኮምቦልቻ ራሷ ትበቃኝ ነበር። ሌሊት አንሶላ ቀይሬ እተኛለሁ፣ እንደገና ይርሳል። እውነቱን ልናገርና ሁለት ሳምንት ሆነኝ ካቆምኩት፣ ለባሌም አልነገርኩም። አምስት ዓመት ይህን እንዴት ቻላችሁት? ረመዳንም እየመጣ ነው።

እናት ሸዋበር (ደሴ)

አብሽሪ እህቴ። የኔ በግራ ነው፣ ስድስት ዓመት አለፈኝ።

መጀመሪያ ወጌሻውን እርሺው፣ በአላህ ይዤሻለሁ። እኔ ሄጄ አይቼዋለሁ። በቅቤ እያሸ ሲጫነኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ማታ ላይ እጄ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ አለ። የተሰበረ ነገር የለማ የሚታሽ! እንዳስረዱኝ ከብብት የወጡት እጢዎች የሰውነትን ፈሳሽ የሚያሳልፉ በር ነበሩ። በሩ ሲጎድል ፈሳሹ እጅ ላይ ይቀራል። ቃጠሎ፣ ቁስል፣ ከባድ ሸክም ደግሞ ያባብሰዋል። ዳንሽ ያሉሽ ሰዎች ውሸታም አይደሉም፣ ይህን ስለማያውቁ ነው። እኔም አላውቅም ነበር።

እንጀራውን በተመለከተ፣ ያኔ ልጄ 13 ዓመቱ ነበር። ወንድ ነው። እማ እኔ ልሞክር አለኝ። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን የለው፣ መሀሉ ጥሬ፣ ዳሩ ቆርፍዶ የተነሳ። ጎረቤቶቼ ወንድ ልጅ ምጣድ ላይ አወጣች ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጋግርልኝ እሱ ነው። ያንቺ ቤት ልጅ ካለ አስተምሪ። ከሌለ እንጀራ ግዢ። ወጪ ነው አውቃለሁ፣ እጅም ግን ወጪ አለው።

ሙቀቱን ደሴ ቀለል አድርጎልኛል መሰለኝ። ሌሊት ሲነድደኝ በር ከፍቼ ጉሙ ውስጥ እቆም ነበር፣ ባሌ ጋቢ ይዞ ተከትሎኝ ይወጣል፣ እኔ ጋቢውን እወረውራለሁ፣ እሱ ያነሳል። ከዓመት በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ሁሉንም ሰው ይቀንስለታል አልልም፣ እኔን ግን ቀንሶልኛል። ክኒኗን አትተያት።

ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ጡት መያዣዬ ውስጥ መጀመሪያ ጥጥ ነበር የማደርገው። ጥጥ ቀላል ነው፣ ጎንበስ ብዬ ስጠርግ ወደ አንገቴ ይወጣል፣ አንዴ ለቅሶ ቤት ሁሉ ወጥቶብኛል። በኋላ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ ደረቅ ተልባ ሞላሁበት። ይከብዳል፣ እንደ ሥጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብለኝም ነገር ተወኝ። ስታጥቢው ግን ተልባውን መጀመሪያ አራግፊ። እኔ ረስቼ ከነተልባው ነክሬው ሳፋው ሙሉ ልጥልጥ ሆኖ ጠበቀኝ።

ሐቁን ተናጋሪ

ክኒን ሁሉ መርዝ ነው። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሽፈራው በሻይ፣ አብሽ ጠዋት በባዶ ሆድ። አክስቴ በዚህ ድናለች። ሐኪሞቹ ብር ነው የሚፈልጉት።

ነርስ ነኝ

ከላይ ያለው ወንድሜ፣ ማር ብላ፣ ለሰው ግን መድኃኒት አታስቁም። ጥቁር አዝሙዱ ለወጥ ይሁን። አብሽ ላይ ደግሞ እንደ ሆርሞን የመሥራት ጠባይ ያላቸው ነገሮች ስላሉበት ሆርሞን የሚመግበው ካንሰር ላለባት ሴት እንደ መድኃኒት አዘውትሮ መጠጣት አልመክርም።

የቦርከና ልጅ፣ አንቺ እጅሽን አሁኑኑ እዪው። ያበጠው ቦታ ቀልቷል? ይሞቃል? ብርድ ብርድ ይልሻል ወይም ትኩሳትሽ 38 ደርሷል? አንዱም ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና መልሳችንን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሂጂ፣ አንቲባዮቲክ ያስፈልግሻል። ይሄ የሚያድር ነገር አይደለም።

ባይኖርም ተከታተዪው። የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጊ። ከአንጓሽ በላይ፣ ከክርንሽ በታችና በላይ ሁለቱንም እጆችሽን ለክተሽ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ሁለቱ እጆች በ2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከተለያዩ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒ ይይሽ። የሚያጠብቅ የእጅ ሹራብ የሚባል አለ፣ ግን በልክሽ መሆን አለበት፣ የሰው ተውሰሽ እንዳታጠልቂ። እጅሽን ደግሞ ፈርተሽ አስረሽ አታስቀምጪው፣ አለመንቀሳቀስም ያሳብጣል። ግድግዳ ላይ በጣቶችሽ እየወጣሽ እጅሽን ቀስ እያልሽ ከፍ አድርጊ። ደም ግፊት ሲለኩሽ፣ መርፌ ሲወጉሽ በግራ ነው በይ። አይጠይቁሽም፣ አንቺ ቅደሚ።

ታሞክሲፌን የታዘዘልሽ ናሙናሽ ሆርሞን ተቀባይ ስለሆነ ነው። ብዙውን ጊዜ 5 ዓመት ነው፣ ለአንዳንዱ እስከ 10 ይሄዳል። ኬሞው ያላገኘው ትንሽ ነገር ቀርቶ ከሆነ ሆርሞን እንዳይደርሰው በሩን የምትዘጋው እሷ ናት። ዛሬ ጀምሪ፣ ያለፈውን ላካክስ ብለሽ ሁለት እንዳትውጪ። ሙቀቱ ካልቻልሽው ለሐኪምሽ ንገሪ፣ የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። ግን ከፋርማሲ በራስሽ አትግዢ፣ ከድብርት ክኒኖች መካከል ታሞክሲፌንን ሥራ የሚያስፈቱ አሉ። ረመዳን አያስጨንቅሽ፣ በቀን አንዴ ናት፣ ከፍጡር በኋላ ትውጫታለሽ። መጾምሽን ራሱን ግን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን አትዘግዪ፣ ደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

አንድ የምታፍሪበት ነገር ልጨምር። ወር አበባሽ በኬሞው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት ግን አታረግዢም ማለት አይደለም፣ በዚህ ክኒን ላይ ደግሞ ማርገዝ የለብሽም። ዲፖም ክንድ ላይ የሚቀበረውም ለአንቺ አይሆኑም። ሆርሞን የሌለውን ሉፕ ጠይቂ።

ሐረጎ

ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ ገባሁ። ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ባለቤቴ በዚሁ በሽታ ከታከመች ሦስት ዓመቷ ነው። እጅ ላይ የምለው የለኝም፣ ግን «ለባሌም አልነገርኩም» የሚለው ላይ ቆምኩ።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ጎኗ ላይ በተንጠለጠለው ብልቃጥ የሚወርደውን ፈሳሽ በየቀኑ የምለካው እኔ ነበርኩ። ከ30 ሚሊ በታች ሲሆን ይወጣልሻል ብለዋት ስለነበር 28 ያነበብኩ ቀን ጨፈርኩ። ብልቃጡ ወጣ፣ እኔም የምሠራው ጠፋኝ። እሷ መብራት ሳይጠፋ ልብሷን አታወልቅም። እኔ እንዳላሳፍራት ብዬ ፊቴን አዞራለሁ። እሷ ለካ ጠልቶኝ ነው ብላ ታለቅሳለች። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ፣ ወላሂ። አንድ ቀን ሐረጎ ዳገት ላይ ጎማ ፈንድቶብን ተሳፋሪው ሁሉ በሌላ መኪና ሄዶ ሁለታችን ቀረን። እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው የተነጋገርነው። ንገሪው። ምናልባት እሱም የሚሠራው ጠፍቶት ይሆናል።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

እግዜር ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ፣ ሁሉንም። ቀልቶ ነበር። ነርሷ የጻፈችውን ሳነብ ነው እጅጌዬን የሰበሰብኩት፣ ከዚያ በፊት ደፍሬ አላየሁትም። ባሌን ቀሰቀስኩት፣ የክኒኑንም ጉዳይ ያኔውኑ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ ውሃ አመጣና ክኒኗን በመዳፉ ላይ አድርጎ ሰጠኝ። ፍጡር ሳይደርስ መጣ አልኩት፣ ሳቅን።

ጠዋት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኢንፌክሽን ነው ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጠኝ። ቅላቱ ሄዷል፣ ልዩነቱ ግን አሁንም 3 ሴንቲ ነው። ፊዚዮቴራፒ ደሴ ልመላለስ ነው። ሐረጎ፣ ቢጫ ሻሽ ያደረገች ሴት ሚኒባስህ ውስጥ ካየህ እኔ ነኝ፣ ጎማህን አስቀድመህ እይ።

አማቴ አብረውኝ ሄደው ነበር። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ቁጭ ብለው ሰሙ፣ አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ስለ ወጌሻው ተቀይመው መሰለኝ። ስንወጣ አንዲት ልጅ ደም ግፊቴን ልትለካ ቀኝ እጄን ሳብ አደረገችው። እኔ አፌን ሳልከፍት አማቴ ከበሩ ጮሁ፦ «በግራ ነው! በግራ!»