ከጨጓራ ቀለበት በኋላ አበላል ጨንቆኛል፤ ጠንካራው ይቆማል፣ ጣፋጩ ይወርዳል

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀለበት ካስገባሁ 11 ሳምንት ሆነኝ። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፣ የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ዙሪያውን የሚይዝ የሲሊኮን ቀለበት ነው። ከቀለበቱ በላይ ትንሽ ከረጢት ብቻ ትቀራለች። ከሆድ ቆዳ ሥር በተቀበረች ፖርት በኩል በመርፌ የጨው ውሃ ሲጨመር ቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሲቀነስ ይላላል። የእኔን መጀመሪያ በ6ኛው ሳምንት አጠበቁልኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ከጠበቀ ገና 9 ቀኑ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ምንም አልከበደኝም። ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ። የተሰጠኝን ወረቀት እያየሁ ነበር የምበላው። መደበኛ ምግብ ስጀምር ነው ነገሩ የተበላሸው። ጠዋት ለሥራ እየተቻኮልኩ ዳቦ በእንቁላል እበላለሁ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ደረቴ መሃል ቀጥ ይላል። ያመኛል። በውሃ ላወርደው ስሞክር ይብስብኛል። አፌ በምራቅ ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ሮጬ አስመልሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ብቻ አራት ጊዜ ሆኗል።

ከዚያ ምሳ ፈርቼ እተወዋለሁ። ማታ ደግሞ የማይቆምብኝን ነገር እፈልጋለሁ። አይስክሬም፣ ቸኮሌት ያለበት ወተት፣ በሻይ የራሰ ብስኩት። እነዚህ ሰተት ብለው ይወርዳሉ። ሚዛኑ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ይህን ሁሉ አልፌ መጥቼ እንዲህ መሆኑ በጣም አሳዝኖኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈጥኜ ነው የምበላው፤ ቤተሰቤም እንደዚያው ነው። እናንተ እንዴት ነው የተላመዳችሁት? ምን ያህል ነው የምትበሉት? ከሰው ጋር ስትቀመጡስ?

መልስ፣ ቀለበት ካስገባች አራት ዓመት ከሆናት

አይዞሽ እህቴ። የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን ሦስተኛ ወር አስታወስኩ። እኔም ጥፋቱ የምግቡ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእጅ ነው። እጃችን ለድሮው ሆድ ነው የሚያጎርሰው።

መጀመሪያ የጉርሻሽን መጠን አሳንሺ። የትንሿ ጣትሽን ጥፍር የምታህል ትሁን። እኔ የሕፃን ማንኪያና የጣፋጭ ሹካ ገዛሁ፤ ዛሬም በእነሱ ነው የምበላው። ቀጥሎ ማኘክ። ሃያ ጊዜ፣ ለሥጋ ከዚያም በላይ። ምላስሽ ላይ ቁራጭ የሚባል ነገር እስካለ ድረስ አትዋጪ። ከዋጥሽ በኋላ ሹካውን አስቀምጪና ጠብቂ። ይቺ መጠበቅ ናት ዋናዋ። ምግቡ ቀለበቱን እስኪያልፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ አንቺ ግን የመጀመሪያው ሳያልፍ ሁለተኛውን፣ በላዩ ሦስተኛውን ትጨምሪበታለሽ። ሦስተኛው ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ጠዋት ላይ ቀለበቱ የጠበቀ የሚመስለን ብዙ ነን። እኔ እንደነቃሁ ለብ ያለ ውሃ ቀስ እያልኩ እጠጣለሁ፣ ቁርስ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ሥራ የምትቸኩዪ ከሆነ ቤት አትብዪ። እርጎ ይዘሽ ሂጂና ተረጋግተሽ ስትቀመጪ ብዪ። ችኮላና ንዴት ባለበት ሰዓት እኔ ዛሬም ምግብ አልነካም፤ ይቆምብኛል።

ሲቆምብሽ ደግሞ መብላትሽን ወዲያው አቁሚ። ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ ትከሻሽን ልቀቂ። ውሃ በላዩ አትጨምሪ። መውጫ ስለሌለው ነው የሚብስብሽ። ካስመለስሽ በኋላ ውስጡ ያብጣል። ስለዚህ እስከ ነገ ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ ለስላሳ፣ ከዚያ መደበኛ። እኔ ይህን ሳላውቅ አስመልሼ ወዲያው እራት እበላ ነበር። ያበጠ ቦታ ላይ ሌላ ምግብ ሲመጣ እንደገና ይቆማል። ችግሩ ሳምንት ሙሉ የሚጎተተው እንዲህ ነው።

ዳቦውን ተዪው። ለስላሳ ዳቦ አፍ ውስጥ ሊጥ ይሆናል፣ ቀለበቱ ላይ ይለጠፋል። እንቁላሉን ብቻውን ሞክሪው።

መልስ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ

ስለ ማታው አይስክሬም ልናገር፤ ክብደትሽን ያቆመው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቀለበቱ ሰውነት ምግብ እንዳይወስድ አያደርግም። የበላሽውን ሁሉ ሰውነትሽ ይወስደዋል። ሥራው ሌላ ነው። ጠንከር ያለ ምግብ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ቀስ እያለ ያልፋል፣ በዚያ ቦታ ጫና ይፈጥራል፣ «በቃኝ» የሚለው ስሜት ከዚያ ይመጣል። ፈሳሽና የሚቀልጥ ነገር ግን ሳይቆም ያልፋል። ግማሽ ሊትር አይስክሬም ብትበዪ ቀለበቱ እንዳለም አይሰማሽም። ካሎሪው ግን አንድም አይቀርም።

ይህ የሚደርሰው በአንቺ ብቻ አይደለም። ጠንካራው ምግብ ሲያሰቃይ ሰው ወደሚወርደው ያዘነብላል። ስለዚህ የፈቃድ ማነስ ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ጠንካራው በሰላም እንዲወርድ ካደረግሽ የማታው ፍላጎት አብሮ ይቀንሳል። ምሳ ዘለሽ ማታ መራብሽ ደግሞ የማይቀር ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ብዪ፣ ትንሽ ትንሽ።

ሳህኑ ላይ ቅድሚያ ለፕሮቲን ስጪ። ሐኪምሽ ሌላ ካላለሽ በቀን ወደ 60 ግራም ማለት ጥሩ መነሻ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። 100 ግራም የበሰለ ዓሣ ከ20 ግራም በላይ ይሰጥሻል። በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣ ለስላሳ እንቁላል፣ ጥሩ ሆኖ የበሰለ ምስር፣ በመረቅ የራሰ የተፈጨ ሥጋ፤ ለጀማሪ እነዚህ ይስማማሉ። ደረቅ የዶሮ ደረት፣ ጅማት ያለው ሥጋ፣ የተጣበቀ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የብርቱካን ገለፈት ብዙ ሰው ላይ ይቆማሉ። ከፕሮቲኑ ቀጥሎ አትክልት፣ ቦታ ከተረፈ ሌላው። አንድ ጊዜ የሚበላው መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ በትንሽ ሳህን አቅርቢ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ጨርሺ። ከዚያ ካለፈ መቀማመስ ይሆናል፣ ሳህኑን አንሺው።

ምግብና መጠጥ አታገናኚ። ስትበዪ አትጠጪ፣ ከበላሽ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። በመሃል ባለው ጊዜ ግን ውሃ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ጠጪ። ጋዝ ያለው መጠጥ ይነፋሻል፣ ተዪው። የታዘዘልሽን ቫይታሚን አትርሺ፤ በትንሽ ምግብ ሁሉንም ማግኘት አይቻልም።

መልስ፣ የ58 ዓመት እናት

ልጄ፣ ሁለቱም ያሉሽ እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አስግቶኛል። በሳምንት አራት ጊዜ ማስመለስ የምትላመጂው ነገር አይደለም። ማታ ስትተኚ ያስልሻል? ቃር አለብሽ? ምግብ ወይም ውሃ ወደ ጉሮሮሽ ይመለሳል? ካለ ቀለበቱ ከልክ በላይ ጠብቆ ይሆናል። ያን ጊዜ ጉርሻ ማሳነስ ብቻውን አይበቃም፤ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ውሃ መቀነስ አለበት።

እኔ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ሲጠብቅ ቶሎ የምከሳ መስሎኝ «ቀንሱልኝ» ማለት ፈራሁ። ሳስመልስ ሳስመልስ ቀለበቱ ከቦታው ተንሸራተተ። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ገባሁ። ይህ በአንቺ እንዲደርስ አልፈልግም። ነገ ጠዋት ለሐኪሞችሽ ደውዪላቸው። ውሃ እንኳ አልወርድ ካለሽ፣ ምራቅሽን መዋጥ ካቃተሽ ወይም ከባድ የሆድ ሕመም ከመጣ ነገንም አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

መልስ፣ ባለቤቱ ቀለበት ያስገባችለት

እኔ የማውቀው የቤቱን በኩል ነው። ሚስቴ መጀመሪያ ላይ ከእኛ ጋር መቀመጥ ትታ ነበር። ሁላችንም በአምስት ደቂቃ ጨርሰን እሷ ላይ እናፈጣለን። «በቃሽ? ትንሽ ጨምሪ» እንላለን። ለደግነት ብለን ነበር፣ ግን ያስቸኩላት የነበረው እሱ ነው። ከቸኮለች ይቆምባታል፣ ከቆመባት ተነስታ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ቁጭ ብላ ነገረችን። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ቀየርን። ማንም ስለ ሳህኗ አያወራም። እኔ ከእሷ ጋር እኩል ለመጨረስ ቀስ እላለሁ። አይስክሬም ቤት ውስጥ አናስቀምጥም፤ ልጆቹ ሲፈልጉ ውጭ ይበላሉ። ለቤተሰብሽ በግልጽ ንገሪያቸው። አያውቁም እኮ።

መልስ፣ ቀለበት ካስገባች አራት ዓመት ከሆናት

እማማ ያሉት ይቅደም። እኔ የማስመለሱን ብዛት ሳላጤን ነው ወደ ማንኪያ የሮጥኩት። መጀመሪያ ደውዪ፣ ከዚያ ማንኪያ።

ጠያቂዋ፣ በማግስቱ

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ ያስለኛል። አራት ቀን ሆኖታል። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ዛሬ ደውዬ ለነገ ቀጠሮ ያዙልኝ። እስከዚያ ፈሳሽ ብቻ ብለውኛል። አንድ ሌላ ነገር፣ ራሴን ስለሚያመኝ ኢቡፕሮፌን እየወሰድኩ ነበር፤ እንክብሉም ይቆምብኛል። ችግር አለው?

መልስ፣ የፋርማሲ ባለሙያ

ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ ጨጓራን ይቆጣሉ፣ ቀለበት ላለው ሰው አይመከሩም። በነገው ቀጠሮ ምን እንደምትወስጂ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ይሻላል፣ በፈሳሽም አለ። ሌሎች ትላልቅ ክኒኖች ካሉሽ በራስሽ አትፍጪ። ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ አሉ፤ እነሱ ከተፈጩ መድኃኒቱ በአንዴ ይለቀቃል። ዝርዝሩን ለፋርማሲሽ አሳዪ። ራስ ምታቱ ከውሃ ማነስ ሊሆንም ይችላል፤ ስታስመልሺ ነበርና።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

መጥቼ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ቀለበቱ ጠብቆ ነበር። ጥቂት ውሃ ቀነሱልኝ፤ የመርፌ ነገር ነው፣ ደቂቃዎች ብቻ ወሰደ። በዚያው ሌሊት ሳሉ ቆመ። ሁለት ቀን ፈሳሽ፣ ሦስት ቀን ለስላሳ ካደረግሁ በኋላ ወደ መደበኛው ተመለስኩ።

ቁርስ አሁን ሥራ ቦታ ነው፤ አንድ እንቁላል፣ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ አድርጌ። ሹካ ማስቀመጡ ከሁሉም ከበደኝ። እጄ ሳላስበው ያነሳዋል። በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ ነው ያስመለስኩት፣ እሱም ቆሜ ስበላ። አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። ሊበቃኝ ሲል አፍንጫዬ ይረጥባል፣ ወይም በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ድሮም ነበር፣ ግን አልሰማውም ነበር። አሁን እሱ ሲመጣ አቆማለሁ። ምሳ ስለምበላ ማታ እንደ ድሮው አያስጎመጀኝም። ሚዛኑ 1 ኪሎ ተኩል ቀንሷል።

አንድ ጭንቀት ቀረኝ። ነገ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ምሳ ውጭ ነን። ቀዶ ሕክምናውን አያውቁም።

መልስ፣ ቀለበት ካስገባች አራት ዓመት ከሆናት

እሰይ እህቴ! በጣም ደስ ብሎኛል። ለምሳው፣ ሾርባ አትዘዢ፤ ሳይቆም ስለሚያልፍ ቶሎ ይርብሻል። ዓሣ ካለ ዓሣ፣ ሶሱ ለብቻው ይምጣ። ሌሎቹ ሲያዙ አንቺም መደበኛውን እዘዢ፣ ከመጀመሩ በፊት የምትበዪውን ያህል ሳህኑ ጥግ ለይተሽ አስቀምጪ። ቀሪው ይጠቀለልልሽ። ብዙ ጠይቂያቸው፣ ብዙ አዳምጪ፤ ሰው ሲያወራ የአንቺን ሳህን አያይም። «ለምን አትበዪም» ካሉሽ «ቀስ ብዬ ነው የምበላው፣ ጨጓራዬ አይወድም» በያቸው። ውሸት የለውም፣ ከዚያ በላይ የመናገር ግዴታም የለብሽም። አዲስ ምግብ ግን ነገ አትሞክሪ። አዲሱን ቤትሽ፣ ሰው በሌለበት ቀን ነው የሚሞከረው።

መልስ፣ የ58 ዓመት እናት

ከመቀመጥሽ በፊት ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ አይተሽ ግቢ፣ ልጄ። አያስፈልግሽም ይሆናል፤ ማወቁ ብቻ ያረጋጋል። እኔ እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የማደርገው።