ከኢስታንቡል አልማቲ በአውቶቡስ፦ ቪዛውን ከየት ልጀምር?

መንገደኛ
ሰላም ወገኖች። ከኢስታንቡል ተነስቼ በትብሊሲ፣ በቭላዲካቭካዝና በአስትራካን አድርጌ አልማቲ ድረስ በአውቶቡስ ብቻ ለመሄድ አስቤያለሁ። በካርታ ሳየው በባኩ በኩል የሚያቋርጥ ይመስላል፤ ግን ማንም አይመክረውም። ለምንድን ነው? ቪዛውንስ በምን ቅደም ተከተል ላውጣ? የማስበው ለየካቲት ነው።

ካርታ አንባቢ
ባኩን ተወው። አዘርባጃን የየብስ ድንበሯን ከመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመንገደኛ ዘግታ ነው የቆየችው። ይከፈት እንኳ፣ የካስፒያን ባሕርን የምታሻግርህ የጭነት መርከብ ናት። መነሻ ሰዓት የላትም፤ ጭነቷ ሲሞላ ትነሳለች፤ ቀናት ልትጠብቅ ትችላለህ።

ስለዚህ የሚቀርህ የላርስ ኬላ ነው። ከጆርጂያ ወደ ሩሲያ በሕጋዊ መንገድ የሚያሻግረው የየብስ በር እሱ ብቻ ነው። መንገዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጅቫሪ መተላለፊያ ያልፋል። በየካቲት በረዶ ሲናድ ለቀናት ይዘጋል፣ የሩሲያ ቪዛህ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ጉዞውን ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ አድርገው።

ቪዛ የሚጠየቅ ፓስፖርት ካለህ ከመጨረሻው አገር ወደ ኋላ ቁጠር። መጀመሪያ የካዛኪስታንን ያዝ፤ የሩሲያ መሸጋገሪያ ቪዛ ስትጠይቅ የቀጣዩን አገር ቪዛ አሳይ ትባላለህ። የሩሲያውን ስታስሞላ ከፊትም ከኋላም ሦስት ሦስት ቀን ትርፍ ተው። የጆርጂያው ደግሞ የግድ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ይሁን። ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፦ ጆርጂያ የመውጫ ማህተም ከመታችልህ በኋላ ሩሲያ ብትመልስህ፣ የአንድ ጊዜ ቪዛህ አልቋል፤ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ትቀራለህ።

ሳርፒ በኩል
ቱርክና ጆርጂያ መካከል ሳርፒ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ ሻንጣውን ራሱ እየጎተተ በእግሩ ያልፋል፤ አውቶቡሱ በተሽከርካሪ መስመር ለብቻው ይፈተሻል። ከመውረድህ በፊት ታርጋውን ፎቶ አንሳ፣ ረዳቱንም ወዲያ ማዶ የት እንደሚቆም ጠይቀው። አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ አውቶቡሶች ተደርድረው ስታገኝ ሌላ መለያ የለህም። መቀመጫህ ላይ ምንም አትተው።

ኮዴይን ያለበት መድኃኒት ጆርጂያ ውስጥ ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳትይዝ። ሌላውንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዝ።

መንገደኛ
እግዜር ይስጥልኝ፣ የሁለት ጊዜ ቪዛውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ገንዘብስ? ካርድ ይበቃል?

ካርታ አንባቢ
ሩሲያ ውስጥ አይበቃም። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በሌላ አገር የወጣ ቪዛ ካርድም ሆነ ማስተርካርድ እዚያ አይሠራም። ለሩሲያው ክፍል ትኬት፣ ማደሪያና ምግብ የሚሆነውን በሙሉ፣ መንገዱ ቢዘጋ የሚያቆይህን ጭምር፣ በጥሬ ዶላር ወይም ዩሮ ያዝ። ያልታጠፈና ያልተጻፈበት ኖት ይሁን፤ መንዛሪዎች ያረጀውን ይመልሱታል።

ሰዓቱንም ልብ በል። ከቱርክ ጆርጂያ ስትገባ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ ቭላዲካቭካዝ አንድ ወደ ኋላ፣ አስትራካን እንደገና አንድ ወደፊት፣ ካዛኪስታን ሌላ አንድ ወደፊት ነው። ካዛኪስታን ከማርች 1 ቀን 2024 ወዲህ አገሩን በሙሉ በአንድ ሰዓት አድርጋለች፤ ያልታደሰ ስልክ የአልማቲን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት አድርጎ ያሳይሃል። ትኬት ላይ ያለው የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው።

ጤና ባለሙያ
ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። በየግማሽ ሰዓቱ ቁርጭምጭሚትህን አዙር፣ በየፌርማታው ውረድና ተራመድ። የእንቅልፍ ክኒን አትውሰድ፤ እግር ታጥፎ ለሰዓታት እንዲቀር ያደርጋል። ከዚህ በፊት ደም ረግቶብህ የሚያውቅ ከሆነ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረግህ፣ ሳትነሳ ሐኪም አማክር።

ወንበር ከፊትና ከኋላ ጎማ መሀል ምረጥ፤ ከኋላ ሞተሩ ያሞቃል፣ መንገጫገጩም ይበዛል። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ በማሸት አታባብለው፤ ወርደህ ታከም። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከወጋህ ደግሞ ቀጣዩን መናኸሪያ አትጠብቅ፣ ሹፌሩን ያኔውኑ አስቁመው።