የለንደን የካናል ጀልባዎች፦ ሳኒታሪያኑ ካቢን ውስጥ ምን ይለካ ነበር?

ጠያቂ (የውሃ መንገድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአካባቢ ጤና ተማሪ ነኝ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1877 ስላወጣችው የካናል ጀልባዎች አዋጅ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጀልባዋ ስንት ሰው እንደምታሳድር ተወስኖ ይመዘገባል ይላል። በምን ስሌት? ለንደን ውስጥ ሬጀንትስ ካናል ከቴምዝ ወንዝ የሚገናኝበት የላይምሃውስ ወደብ ላይ የጤና ተቆጣጣሪው (ሳኒታሪያኑ) ጀልባ ላይ ሲወጣ በተግባር ምን ያይ ነበር?

ባለሜትሩ፦
ስሌቱን አዋጁ ላይ አታገኘውም፤ በ1878 የወጣው ደንብ ላይ ነው። ሰው የሚኖርበት የኋላ ካቢን ቢያንስ 180 ኪዩቢክ ጫማ (5 ሜትር ኩብ ገደማ) ነጻ የአየር ቦታ ይኑረው ይላል፣ የፊት ካቢን ካለ 80። ለአንድ ሰው ዕድሜው ከ12 በላይ ከሆነ 60፣ ከ12 በታች ለሆነ ልጅ 40 ይታሰባል። ከጁን 30 ቀን 1878 በፊት የተሠራች ጀልባ ላይ የልጁ ወደ 30 ዝቅ ይላል።

ሰው የሚሳሳተው «ነጻ የአየር ቦታ» የሚለው ላይ ነው። የካቢኗ ግድግዳ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ስፋቱን ወለሉ ላይና ጣሪያው ሥር ለክተህ አማካዩን ትወስዳለህ። ለምሳሌ ርዝመት 8፣ አማካይ ስፋት 6፣ ቁመት 5 ጫማ ቢሆን 240 ይመጣል። ከዚያ ምድጃው፣ ቁም ሳጥኑና ከመቀመጫው ሥር ያለው ሣጥን ይቀነሳሉ። 56 ቢቀነስ 184 ቀረ፤ ለጥቂት አለፈች ማለት ነው። በኋላ አንድ ቁም ሳጥን ከተጨመረበት ከልክ በታች ትወርዳለች፤ የምዝገባ ወረቀቱ ግን ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ነው።

የውሃ መንገድ፦
አመሰግናለሁ። ባልና ሚስት ከሁለት ሕፃናት ጋር በዚያች 184 ውስጥ ይችላሉ?

ባለሜትሩ፦
አዲስ ጀልባ ከሆነች አይችሉም፤ 60+60+40+40 ሲደመር 200 ነው። አሮጌ ከሆነች 180 ስለሚሆን ይፈቀዳል። ያችው ካቢን፣ ያው አየር! እኔ ደንቡ ላይ የማልወደው ይህን ነው።

አንዲት ልጅ ብቻ ብትኖራቸውስ? 12 ዓመት ሲያልፋት ድምሩ 180 ነው፤ በልኬቱ ታልፋለች። ግን ባልና ሚስት በሚያድሩበት ካቢን ከ12 ዓመት በላይ የሆነች ሌላ ሴት ወይም ከ14 በላይ የሆነ ወንድ እንዳያድር ሌላው አንቀጽ ይከለክላል። ስለዚህ ኪዩቢክ ጫማ ብቻ ቆጥረህ አትፍረድ፤ ዕድሜም ጠይቅ።

ድኝ አጣኝ፦
ባለሜትሩ ያልነካው የጭነቱን ነገር ነው። ከፓዲንግተን የፈረስ ፍግና የከተማ ጥራጊ ጭነው የሚወጡ ጀልባዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጭነት የምታዘወትር ጀልባ በጭነቱና በካቢኑ መካከል ሁለት ግድግዳ ሊኖራት ይገባል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 4 ኢንች (10 ሴንቲ ሜትር) ክፍተት፣ ለክፍተቱም ፓምፕ። በጭነቱ በኩል ያለው ግድግዳ ውሃ የማያሳልፍ መሆን አለበት። ክፍተቱ ገመድና ጨርቅ ማጨቂያ ከሆነ አየር አይዘዋወርም፣ ፓምፑም ይደፈናል፤ ከፍጉ የሚወርደው ፈሳሽ እዚያው ይጠራቀማል። ግድግዳው ደህና መስሎ ካቢኑ የሚሸት ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ፈልግ።

የመጠጥ ውሃ ማስቀመጫው ቢያንስ 3 ጋሎን (13.6 ሊትር) መያዝ አለበት፤ ያ ከሌለ የሚጠጣው የካናሉ ውሃ ነው። ከወለሉ ሥር የሚጠራቀመው ውሃ በየቀኑ ይቀዳል። ከበሩ ሌላ አየር ማስገቢያና ማስወጫም ግዴታ ነው፤ በብርድ ጊዜ በጨርቅ እንዳልተወተፈ በእጅህ ዳስ።

ተላላፊ በሽታ ከተገኘ ጀልባዋ እስክትጸዳ ትያዛለች። የጊዜው ዘዴ ድኝ ማጠን ነው፤ ለ1000 ኪዩቢክ ጫማ 3 ፓውንድ ከተባለ ለ180 ሩብ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ድኙን በብረት ድስት አድርጎ ድስቱን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ማስቀመጥ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በወረቀት መለጠፍ። ካቢኑ ደረቅ ከሆነ ጭሱ ብዙም አይሠራም፤ ግድግዳውን ቀድሞ ማርጠብ ያስፈልጋል። የነሐስ ጌጡም ስለሚጠቁር ይውጣ።

ወደበኛው፦
ትልቁ ችግር ሰዓቱ ነበር። ተቆጣጣሪው መግባት የሚችለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው። ሰው ተኝቶ ሳያይ የመኝታ ደንብ ማስከበር አለበት፤ ስለዚህ ፍራሽ ይቆጥራል፣ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ጀልባዋ አትቆምም፦ ዛሬ ላይምሃውስ የተገኘ ጉድለት በሳምንቱ በርሚንግሃም ነው። የምዝገባው ቁጥርና የተመዘገበችበት ከተማ ስም በጎኗ ላይ መጻፉ ለዚህ ነው፤ ለባለንብረቱና ለመዝጋቢው ከተማ ካልተጻፈ ጉዳዩ ይቀራል። በ1884 አዋጁ ሲሻሻል መዝጋቢዎቹ በየዓመቱ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ተደረገ፤ ጆን ብራይዶንም የማዕከላዊው መንግሥት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ።

ለማነጻጸሪያ ከፈለግክ የ2005ቱን ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ተመልከት። «መርከብ» ሲል ከአገር አገር የምትጓዝ የወንዝ ጀልባንም ይጨምራል፤ ከጋምቤላ በባሮ ወርዳ ደቡብ ሱዳን ወደብ የምትደርስ ብትኖር ትርጉሙ ይመለከታታል። የንጽሕና ምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ነው፤ ወደቡ መመርመር ካልቻለ በ1 ወር ሊራዘም ይችላል። የ1877ቱ ምዝገባ ግን እንዲህ በየ6 ወሩ አይታደስም ነበር።