ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ አንቲባዮቲክ ለስንት ቀን ይቀጥል?

ሰርጂካል ዋርድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለዋርዱና ለኦፕሬሽን ክፍሉ የሚሆን ስለ መከላከያ አንቲባዮቲክ አጭር መመሪያ እየጻፍን ነው፤ ሦስት ነገር ላይ መስማማት አቃተን። መጀመሪያ ሰዓቱ፦ መድኃኒቱ ታካሚው ከዋርድ ሲወጣ ይሰጠው ወይስ ጠረጴዛው ላይ ከተኛ በኋላ? ሁለተኛ የቀኑ ብዛት፦ አንዱ ሐኪም አንድ ዶዝ ብቻ ያዛል፣ ሌላው ለዚያው ቀዶ ጥገና ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም በየ12 ሰዓቱ ለ5 ቀን ይጽፋል፤ ድሬን (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ) ካለ ደግሞ ድሬኑ እስኪወጣ ይቀጥል ይባላል። ሦስተኛ፣ "ፔኒሲሊን አይስማማኝም" ላለ ታካሚ ምን እንስጥ? እባካችሁ ከነምክንያቱ ጻፉልን፤ ምክንያቱ ካልገባ መመሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

አኔስቴዥያ፦

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ዋርድ ላይ አትስጡ። ዓላማው ቢላዋው ቆዳውን ሲነካ መድኃኒቱ በሚቆረጠው ሥጋ ውስጥ በበቂ መጠን እንዲገኝ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ሴፋዞሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ በደም ውስጥ ያለው መጠን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ዋርድ ላይ መርፌውን የወሰደ ታካሚ፣ ከእሱ በፊት ያለው ኦፕሬሽን ስለዘገየ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢጠብቅ፣ ሲቆረጥ የቀረው ከግማሽ በታች ነው።

ይህ ግምት አይደለም። ጆን በርክ በ1961 ባሳተመው የጊኒ ፒግ ሙከራ፣ ባክቴሪያው ቆዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተሰጠ አንቲባዮቲክ ቁስሉን አሳንሶታል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ የተሰጠው ግን ምንም አልፈየደም። በ1992 ክላሰንና ባልደረቦቹ 2847 ታካሚዎችን ተከታተሉ። ከመቆረጡ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት መካከል ቁስላቸው ያመረቀዘው 0.6 በመቶ ነበሩ፤ ከተቆረጡ ከ3 ሰዓት በኋላ ከጀመሩት 3.3 በመቶ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ቀድመው ከወሰዱት ደግሞ 3.8 በመቶ። ማስቀደሙም እንደ ማዘግየቱ ይጎዳል ማለት ነው።

በተግባር፦ ሴፋዞሊን 2 ግራም በ20 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ በጥብጦ በደም ሥር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቀስ ብሎ መስጠት፤ ከመቆረጡ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ። ማደንዘዣ ሲጀመር መስጠት በጣም ይመቻል፣ ምክንያቱም መስመሩ ተከፍቷል፣ ታካሚው በሞኒተር ላይ ነው፣ አለርጂ ቢነሳም አድሬናሊኑ አጠገባችን አለ። ቫንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ግን ከዚህ ይለያል። 1 ግራሙ ቢያንስ በ60 ደቂቃ መንጠባጠብ አለበት፤ ከፈጠነ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ግፊት ይወርዳል። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ይጀመር። ታካሚው ኦፕሬሽን ክፍል ከደረሰ በኋላ "ቫንኮ ረስተናል" ከተባለ ጊዜው አልፏል፤ እሱን ብቻ ዋርድ ላይ ወይም መጠበቂያ ክፍል ውስጥ መጀመር ይቻላል።

በብዛት የሚሳሳቱባት አንድ ቦታ አለች፦ ቱርኒኬት (ደም ወደ እግር ወይም እጅ እንዳያልፍ በአየር የሚነፋ ማሰሪያ)። እግር ወይም እጅ ላይ ከተነፋ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት ወደሚቆረጠው ቦታ አይደርስም። ሙሉው ዶዝ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው መነፋት ያለበት።

ኦፕሬሽኑ ከረዘመ ሴፋዞሊን በ4 ሰዓት ይደገማል። 4 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ዶዝ እንጂ ቆዳው ከተቆረጠበት ሰዓት አይደለም። የፈሰሰው ደም ከ1.5 ሊትር ካለፈም፣ ሰዓቱ ባይደርስም፣ ይደገም። ኩላሊቱ የደከመ ታካሚ ላይ መድኃኒቱ ስለሚቆይ መድገም ላያስፈልግ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ጥገና ደህንነት ቅጽ ላይ ከመቆረጡ በፊት "ባለፉት 60 ደቂቃዎች አንቲባዮቲክ ተሰጥቷል?" የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ "አዎ" ብቻ አይሁን፤ ሰዓቱ ጮክ ተብሎ ይነገር፣ ቻርቱ ላይም ይጻፍ።

ክሊኒካል ፋርማሲ፦

ስለ ምርጫው ልጨምር። ለአብዛኛው ቀዶ ጥገና ሴፋዞሊን ከሴፍትሪያክሶን ይሻላል። ቁስልን በዋናነት የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው፤ በእሱ ላይ ሴፋዞሊን ይበረታል። ሴፍትሪያክሶን የሚሸፍናቸው ተጨማሪ የአንጀት ባክቴሪያዎች ለእንቅርት ወይም ለአጥንት ቀዶ ጥገና አያስፈልጉንም፤ በምላሹ ግን መድኃኒት የተላመዱ ተህዋስያንን እያበዛን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሴፋዞሊንን በቀዳሚነት በምንጠቀማቸው፣ ሴፍትሪያክሶንን በጥንቃቄ በምንጠቀማቸው መድኃኒቶች ምድብ አስቀምጧቸዋል።

መጠኑ፦ አዋቂ 2 ግራም፣ ክብደቱ 120 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ 3 ግራም፣ ሕፃናት በኪሎ 30 ሚሊ ግራም ሆኖ ከአዋቂው መጠን ሳያልፍ። ትልቁ አንጀት ወይም ትርፍ አንጀት ከሆነ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም ይጨመርበት፤ ሴፋዞሊን ብቻውን አየር የማይፈልጉትን የአንጀት ባክቴሪያዎች አይሸፍንም።

አለርጂውን በተመለከተ "አይስማማኝም" የሚለውን ቃል ብቻ ሰምታችሁ መድኃኒት አትቀይሩ። ምን ሆነ? መድኃኒቱን በወሰደ በስንት ሰዓት? ሆስፒታል ተኝቶ ነበር? ከዚያ ወዲህ አሞክሲሲሊን ወስዶ ያውቃል? ብላችሁ ጠይቁ። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ አለርጂ አይደሉም። ሽፍታ፣ ማሳከክ፣ የከንፈር እብጠት ቢሆን እንኳ ለአብዛኛው ሰው ሴፋዞሊን መስጠት ይቻላል፤ ከፔኒሲሊኖቹ ጋር የሚመሳሰል የጎን ሰንሰለት (አለርጂውን በብዛት የሚያስነሳው የሞለኪዩሉ ክፍል) የለውም። ፈጽሞ የማይሰጠው ቆዳው ለተላጠ፣ አፉና ዓይኑ ለቆሰለ፣ ወይም በመድኃኒቱ ምክንያት ጉበቱና ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰው፣ እንዲሁም ሴፋዞሊን ራሱ አለርጂ ላስነሳበት ነው። ለእነዚህ ክሊንዳማይሲን 900 ሚሊ ግራም፣ ወይም ቫንኮማይሲን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፤ የአንጀት ባክቴሪያ የሚያሰጋ ከሆነ ጄንታማይሲን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይጨመር። ያለ ምክንያት ወደ እነዚህ መሄድ ግን ታካሚውን ያስከፍለዋል፤ "የፔኒሲሊን አለርጂ" የሚል ምልክት ያለባቸው ሰዎች ቁስላቸው በብዛት ይመረቅዛል፣ ምክንያቱ ደግሞ የሚሰጣቸው ሁለተኛ ምርጫ መድኃኒት ነው።

ሰርጀን፦

የ5 ቀኑን ነገር በግልጽ ልናገር፦ ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ መቀጠል ጥቅም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ ከቀዶ ጥገናው ፍጻሜ በኋላ እንዳይራዘም ይላል፤ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2017 ድሬን ቢኖርም እንኳ ቆዳው ከተዘጋ በኋላ ለንጹሕና ለንጹሕ ቅርብ (አንጀትን የመሰለ አካል ተከፍቶ ብዙ ላልተበከሉ) ቁስሎች ተጨማሪ ዶዝ አይሰጥ ብሏል። በልብ ቀዶ ጥገና እስከ 24 ሰዓት የሚፈቅዱ መመሪያዎች አሉ፤ ለሌላው ማመካኛ አይሆንም።

ለምን? ባክቴሪያው የሚገባው ቁስሉ ክፍት በሆነበት ሰዓት ነው። ከተሰፋ በኋላ የተቆረጡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተዘግተዋል፣ ክፍተቱን የረጋ ደምና ፋይብሪን (ደምን የሚያረጋው ክር) ሞልቶታል። እዚያ ውስጥ የቀረውን ባክቴሪያ በማግስቱ የሚሰጥ መርፌ አያገኘውም። የሚያገኘው አንጀትና ኩላሊቱን ነው፦ ከ24 ሰዓት ባለፈ ቁጥር የኩላሊት ጉዳትና በክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲሌ ባክቴሪያ የሚመጣ ተቅማጥ ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉ። የተበሳ ትርፍ አንጀት፣ መግል የሞላበት ሆድ፣ ዓይነ ምድር የፈሰሰበት ቁስል መከላከያ ሳይሆን ሕክምና ነው የሚያስፈልገው። ምንጩ በደንብ ከተዘጋ ለሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን 4 ቀን ገደማ ይበቃል። ትዕዛዙ ላይ "መከላከያ" ወይም "ሕክምና" የሚል ምርጫ ቢኖር ግማሹ ክርክራችሁ ያልቃል።

ሰርጂካል ዋርድ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። "ክፍላችን ንጽሕናው ስለሚያጠራጥር ነው የምንቀጥለው" ለሚሉት ምን እንበል? በቀዶ ጥገና ለምትወልድ እናትስ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው ወይስ በፊት?

አኔስቴዥያ፦

እናቲቱም ከመቆረጧ በፊት ትውሰድ። እትብቱ እስኪቆረጥ የሚጠበቀው ሕፃኑን ይጎዳል ተብሎ ነበር፤ ቀድሞ መስጠት ግን የእናቲቱን የማሕፀንና የቁስል ኢንፌክሽን ይቀንሳል፣ በሕፃኑ ላይም ጉዳት አልታየም።

ኢንፌክሽን መከላከል፦

ንጽሕናው የሚያሠጋ ከሆነ መስተካከል ያለበት ንጽሕናው ራሱ ነው፤ የ5 ቀን ሴፍትሪያክሶን ያልጸዳ መሣሪያ አያጸዳም። ወደ ቁስሉ የሚገባው ባክቴሪያ በአብዛኛው ከታካሚው ከራሱ ቆዳና አንጀት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ሥሩ። ጸጉር በምላጭ አይላጭ። ምላጭ በዓይን የማይታዩ ጭረቶችን ይተዋል፣ ባክቴሪያው እነሱ ውስጥ ይራባል። የግድ ከሆነ በኤሌክትሪክ መቁረጫ፣ በዕለቱ። ቆዳው በአልኮል በተዘጋጀ ክሎርሄክሲዲን ይጠረግ፤ ከዚያ መጠበቅ ነው፣ ጸጉር በሌለበት ቆዳ ቢያንስ 3 ደቂቃ። አቡጀዲው እርጥብ ላይ ከተዘረጋ ባክቴሪያው በደንብ አይሞትም፤ እምብርት ውስጥ ወይም ከጀርባ ሥር የተጠራቀመ አልኮል ደግሞ ከካውተሪ (በኤሌክትሪክ ሙቀት ከሚቆርጠውና ደም ከሚያቆመው መሣሪያ) ጋር እሳት ያስነሳል። ታካሚው ከ36 ዲግሪ በታች አይቀዝቅዝ፣ የደም ስኳሩ ከ200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ይሁን፤ የስኳር በሽታ የሌለበትም ይለካ። አንቲባዮቲክ ዱቄት ቁስሉ ውስጥ መነስነስ፣ በአንቲባዮቲክ ውሃ ማጠብ፣ ስፌቱን ቅባት መቀባት ይቅር።

ዋርድ ላይ የእናንተ ድርሻ ክትትል ነው። ንጹሕ ፋሻው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚመጣ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ከቁስሉ አይደለም፤ ግን ፋሻውን ገልጣችሁ እዩ። በእነዚያ ቀናት ከሚታየው በላይ የሚያም፣ ቀለሙ የጠቆረ፣ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ወይም ቀጭን ግራጫ ፈሳሽ የሚያወጣ ቁስል ካገኛችሁ ሐኪሙን በዚያው ደቂቃ ጥሩ፤ ሥጋን የሚበላው ኢንፌክሽን ሰዓታት አይሰጥም። የተለመደው ማመርቀዝ ከ5ኛው ቀን በኋላ ነው የሚታየው፤ አብዛኛው ታካሚ ያኔ ቤቱ ነው። ስለዚህ ምዝገባው እስከ 30 ቀን፣ ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተገባለት እስከ 90 ቀን ይቀጥል።

የቀላ፣ መግል የቋጠረ ስፌት ሲያጋጥማችሁ ሕክምናው ስፌቱን ከፍቶ መግሉን ማውጣትና ማጠብ ነው። መግሉ ናሙና ይወሰድለት፣ ናሙናውም ከአንቲባዮቲኩ በፊት። አንቲባዮቲክ የሚጨመረው መቅላቱ ከቁስሉ ጠርዝ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሰፋ፣ ትኩሳቱ ከ38.5፣ የልብ ምቱ ከ110፣ ወይም ነጭ የደም ሴሉ በማይክሮ ሊትር ከ12,000 ካለፈ ነው። ከዚህ በታች ከሆነ መክፈቱ ብቻውን ይበቃል።