የዶርም ልጅ አባት አረፉ፤ ፋይናሉ፣ አርባውና ጥናቱ እንዴት ይሁን?

ብሎክ ዘጠኝ (ጠያቂ)

ካምፓሳችን ጅማ ነው፤ የልጁ ቤተሰብ ደብረ ብርሃን። ሦስተኛ ዓመት ሲቪል ምህንድስና ነው። አባቱ ዛሬ ታኅሣሥ 12 ንጋት ላይ አርፈዋል። አጎቱ ለእኛ ደውለው «መርዶውን እንዳትነግሩት፣ አባትህ ታሟል ብላችሁ ላኩት» አሉን። ቀብሩ ነገ ነው። እንዴት እንላከው? ፋይናል ጥር 15 ይጀምራል፤ ዊዝድሮዋል (ሴሚስተሩን አቋርጦ መውጫ ፎርም) ይሙላ የሚሉ አሉ። አርባውም ፈተናው መሀል የሚገባ መሰለኝ። አባቱ ከታመሙ ወዲህ ደግሞ «ለምን ብዬ ነው የምጸልየው» ማለት ጀምሮ ነበር፤ አሁንማ ምን እንበለው?

የእድር ጸሐፊ

መጀመሪያ መንገዱን አስሉ። ጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን 130። ነገ በማለዳው አውቶቡስ ቢሳፈር አዲስ አበባ የሚገባው ከሰዓት ነው፤ ከላምበረት ተሳፍሮ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቀብሩ አልቋል። የማይደርስ ከሆነ «ታሟል» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ለአጎትየው ደውላችሁ አንዱን ይምረጡ፦ ወይ ቀብሩ በአንድ ቀን ይቆይለት፣ ወይ በአውሮፕላን ይምጣ። በረራው እስከ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የክፍል ልጆች ቢያዋጡ ቲኬቱ ይሸፈናል። የመጀመሪያው መዋጮ ለእዝን ምግብ ሳይሆን ለዚህ ይዋል።

መርዶ ማለዳ፣ ዘመድ ባለበት የሚነገረው ሰው ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንዳያድር ነው። ሥርዓቱ ግን ስልክ በሌለበት ዘመን የተሠራ ነው። ዛሬ ልጁ አውቶቡስ ላይ ፌስቡክ ሲከፍት የአክስቱ ልጅ «ነፍስ ይማር» ብላ የለጠፈችውን ፎቶ ያገኛል። ከዚህ የከፋ መርዶ የለም። ልጁ እስኪነገረው ማንም እንዳይለጥፍ ለምኑ፤ አዲስ አበባ የሚቀበለው የሥጋ ዘመድ ይመደብ፤ ከእናንተም አንድ ሰው አብሮት ይሂድ።

እዚያው ካምፓስ መንገር ግድ ከሆነ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ይናገር፦ መምህር፣ ካህን ወይም ከግቢ ጉባኤ (ከኦርቶዶክስ ተማሪዎች ኅብረት) የበሰለ ሰው። ከፎቅ ዶርም አውርዳችሁ፣ ምድር ቤት፣ አስቀምጣችሁ። «አባትህ አርፈዋል» ይባል፤ ረጅም መግቢያ ሰውን ያሰቃያል። ከዚያ አይዘዙት፤ ቦርሳውን ራሳችሁ አዘጋጁ፦ መታወቂያ፣ ቻርጀር፣ ወፍራም ልብስ (ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ውርጭ ነው)፣ ጥሬ ብር።

መዝገብ ቤት

ዊዝድሮዋል አሁን አይሞላ። ፎርሙ ቀላል ይመስላል፤ ዋጋው ግን አንድ ሴሚስተር ብቻ አይደለም። አብዛኛው ኮርስ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፤ የሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ደግሞ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) ስለሚጠይቅ ከባቹ (አብረውት ከገቡት) አንድ ሙሉ ዓመት ይወርዳል። በዚያ ላይ ክሊራንስ (ከላይብረሪ፣ ከዶርም፣ ከካፌ ዕዳ የለበትም የሚል ፊርማ) ጨርሶ ካልወጣ፣ ወይም በጊዜው ለሪአድሚሽን (ለዳግም ቅበላ) ካላመለከተ፣ ፋይሉ እንዳቋረጠ ተማሪ ይያዛል። ውሳኔው ቢያንስ እስከ ጥር መጀመሪያ ይቆይ።

ዛሬ የሚደረገው ይህ ነው፦ ለዲፓርትመንት ኃላፊው አጭር የፈቃድ ደብዳቤ፣ ግልባጩ ለእያንዳንዱ የኮርስ መምህር። እናንተ ልታስገቡለት ትችላላችሁ፤ ግን በቃል «ነግረናቸዋል» አይበቃም። ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። በኋላ ስለ አቴንዳንስ ክርክር ሲነሳ የሚያድነው ያ ወረቀት ነው። ከሁሉ በፊት ላብራቶሪ ያለበትን ኮርስ አስቡ፦ ኩዊዝ ሊደገም ይችላል፣ የኮንክሪት ሙከራ ግን ናሙናው አንዴ ከተሰበረ አይመለስም። የላብ ረዳቱን አናግራችሁ ከሌላ ግሩፕ ጋር የሚገባበትን ቀን ያዙለት።

ፋይናል ካመለጠው በበቂ ምክንያት ያመለጠ ተብሎ ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ ውጤት) ተይዞለት ሜካፕ (ምትክ ፈተና) ይፈተናል። የሜካፑ ቀነ ገደብ በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጂስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) ስለሚለያይ ከሬጅስትራር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ውጤቱ ወደ ኤፍ ይቀየራል።

ማስረጃው ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። በአዋጅ 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ ልጁ ከመመለሱ በፊት የምስክር ወረቀቱን ይያዝ። ስሙን ፊደል በፊደል ያስተያይ። መታወቂያው ላይ «ኃይለማርያም»፣ ምስክር ወረቀቱ ላይ «ኃይሌ» ከሆነ ይመልሱታል። (ያረፈችው እናት ብትሆን ኖሮ ስሟ ከልጁ ስም ጋር ስለማይገናኝ ዝምድናውን የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የቀበሌ ደብዳቤ ይጨመር ነበር።)

ዲያቆን ነኝ

አርባው እንዲህ ይቆጠራል፦ የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ በሚቀጥለው ወር፣ ቀኑ ላይ 9 ጨምር። ታኅሣሥ 12 ካረፉ ዕለቱን ራሱን ቆጥሮ አርባው ጥር 21 ነው። ሰማንያው መጋቢት 1። (ጳጉሜን መሀል ከገባች ይህ ስሌት አይሠራም።) ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ አለ። ስለዚህ ልጁ ፈተና ቢኖርበት በማለዳ እዚያው ጅማ ያስቀድስ፤ የአባቱን የክርስትና ስም ለካህኑ ቀድሞ ይስጥ። የክርስትና ስሙን ብዙ ልጅ አያውቀውም፤ ለቅሶ ላይ ሳለ ከእናቱ ወይም ከነፍስ አባታቸው ይጠይቅ። ቤተሰቡ ጸሎቱን በዕለቱ አድርሶ ዝክሩን ከፈተና በኋላ ወዳለ እሑድ ማድረግ ይችል እንደሆነ ከነፍስ አባት ጋር ይነጋገር።

«ለምን ብዬ ነው የምጸልየው» ላለው፦ አትመልሱለት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ ያጠፉት አፍ ሲከፍቱ ነው። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» የሚለውም ኢዮብ ስለ ራሱ የተናገረው እንጂ ሌላ ሰው ለሐዘንተኛ የሚጭነው አይደለም፤ ያው ኢዮብ ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ራሱ መጸለይ ከፈለገ የዕለቱን ዳዊት በሙሉ አትዘዙት። የሰኞው ብቻ ከ1 እስከ 30 ነው። አንድ መዝሙር ይበቃዋል፤ ለምሳሌ በግእዙ ቁጥር 87ኛው፣ ማጽናኛ ሳይመጣለት የሚያልቅ ጩኸት ነው። የገና ጾም እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ አለ፤ ሐዘንተኛ እህል ስለማይወርድለት ከንስሐ አባቱ ጋር ሳይነጋገር እስከ 9 ሰዓት አይቆይ።

ቱቶር

ሲመለስ «ገጽ ቆጥሮ ማንበብ» አይሠራም። እንቅልፉ ስለተበጠሰ ዓይኑ መስመሩን ይሄዳል፣ ልቡ የለም። ለመጀመሪያው ሳምንት፦ 25 ደቂቃ፣ በወረቀት፣ የአምናና የካቻምና ፈተና ጥያቄ ብቻ፤ አቅቶት ሲቆም ያንን ክፍል ብቻ ከሃንድአውት ማየት። በቀን አራት ዙር ከሆነ ብዙ ነው። አንዳችሁ ጎኑ ተቀምጣችሁ ጮክ ብሎ ያስረዳችሁ። ያመለጠውን ኖት ፎቶ አንስቶ 200 ምስል በቴሌግራም መላክ ግን ክምር መጫን ነው፤ ለየኮርሱ አንድ ገጽ ጨምቁለት። ጫት «ለማካካስ» የሚል ጓደኛ ካለ አርቁት፦ የሚወስደው ያንኑ የጎደለውን እንቅልፍ ነው።

ብሎክ ዘጠኝ (ጠያቂ)

አጎቱ ቀብሩን ለታኅሣሥ 14 አሸጋገሩት፣ ቲኬቱም ተገኘ። አንድ ነገር ብቻ፦ እንቅልፍ የማጣቱ ነገር እስከ መቼ ድረስ ነው የሚጠበቀው?

ቱቶር

ከተመለሰ ሁለት ሳምንት አልፎት ካልተኛ፣ ካልበላ፣ ከዶርም ካልወጣ የተማሪ ክሊኒክ ይዛችሁት ሂዱ። «አባቴ ጋ ልሂድ» ዓይነት ቃል ካወጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ብቻውን ሳትተዉት።