የኮሮላ ታችኛው ብራቾ የሚታሰርበት ዳዶ ጥርሱ ተበልቷል፤ ይድናል ወይስ መቆረጥ አለበት?

የዳሞት ሹፌር (ፍኖተ ሰላም)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳት መኪና አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለፈው ሳምንት የፊት ግራ ታችኛው ብራቾ (መንኮራኩሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ጎሚኒ አልቆ ስለነበር እዚሁ ከተማችን ውስጥ በሚገኝ አንድ ጋራዥ አስቀየርኩ። ብራቾውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስረው የፊተኛው ብሎን ሲፈታ የብሎኑ ራስ ተሟልጦ ስለወጣ፣ መካኒኩ ውፍረቱ ተመሳሳይ (14 ሚሊ ሜትር) የሆነ ሌላ ብሎን ከብረታ ብረት ሱቅ አስገዝቶኝ አስገባ። ብሎኑ አንድ ዙር ያህል በእጅ ከገባ በኋላ ጠነከረ፤ መካኒኩ ግን «ዝገት ነው» ብሎ በረጅም ቁልፍ ገፋው። ሦስት ዙር ያህል እየጮኸ ከሄደ በኋላ ጨርሶ ቆመ። ሲወጣ በጥርሶቹ መካከል የብረት ፍቅፋቂ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ የድሮው ብሎንም ቢሆን አልይዝ አለ።

ዳዶው (ብሎኑ የሚገባበት፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ብረት) በሣጥን መልክ በተሠራው ተሸካሚ ብረት ውስጥ የተበየደ ስለሆነ አውጥቶ መቀየር አይቻልም። አንዱ ባለሙያ ቀዳዳውን አስፍተን 16 ሚሊ ሜትር ብሎን እናስገባ ይላል፤ ሌላው ብሎኑን ከብረቱ ጋር በየዳ አጣብቀነው እንገላገል ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ መሄድ ስላለብኝ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የጣና ዳር መካኒክ (ባሕር ዳር)፦

ወንድሜ፣ ከሁለቱ ምክሮች አንዱንም አይቀበሉ። በተለይ በየዳውን ፈጽሞ አያስቡት። የዚህ ዓይነት ብሎን በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ብረት ነው፤ ራሱ ላይ የጥንካሬውን ደረጃ የሚያሳይ 10.9 ወይም 8.8 የሚል ቁጥር ያያሉ። በየዳ ሲነካው ያ ጥንካሬው ይበላሻል፤ ከበየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ደግሞ ተሰባሪ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ አዲሱ ጎሚኒዎ በሙቀቱ ይቃጠላል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ብራቾው ሲያልቅም ብረቱን በመጋዝ ከመቁረጥ በቀር መፍቻ አይኖረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እንደ ነገሩን ከሆነ የተፈጠረው ነገር ግልጽ ይመስለኛል። ብሎን የሚታወቀው በውፍረቱ ብቻ አይደለም፤ በአንዱ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀትም መታወቅ አለበት። የ14 ሚሊ ሜትር ብሎን በሱቅ በብዛት የሚገኘው ርቀቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው፤ በመኪና አካል ላይ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ 1.5 ነው። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፣ አንድ ዙር ያህልም ይቀባበላሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ሌላውን ይፈጫል። ስለዚህ አስቀድመው የድሮውን ብሎን በካሊፐር (ርዝመትና ውፍረት መለኪያ) ይለኩ፦ የአሥር ጥርስ ርዝመት 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርቀቱ 1.5 ነው፤ 20 ከሆነ 2 ነው። ይህ ሳይታወቅ ዳዶውን በማናቸውም መሣሪያ መንካት ጉዳቱን ማባባስ ይሆናል።

የተበላሹት የፊተኞቹ ሦስት ያህል ጥርሶች ብቻ ከሆኑ፣ ከበስተኋላ ያሉት ደኅና ናቸው ማለት ነው። ተሸካሚው ብረት ከጀርባው ቀዳዳ ካለው ታፑን (ጥርስ ማውጫውን መሣሪያ) ከኋላ በኩል አስገብቶ ከደኅናዎቹ ጥርሶች ወደ ተበላሹት ማውጣት ከሁሉ ይሻላል፤ ታፑ በራሱ መስመሩን ይዞ ስለሚመጣ አይስትም። ከኋላ የማይደረስ ከሆነ ከፊት፣ በእጅ ብቻ፣ ዘይት እየቀቡ፣ ግማሽ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ እያሉ ይግቡ። ታፕ ካልተገኘ እኛ በወጣትነታችን የምናደርገው ነገር ነበር፦ ርቀቱ ትክክል የሆነ ጠንካራ ብሎን ወስደን በብረት መጋዝ ከጫፉ ጀምሮ በቁመቱ ሁለት ሦስት ቦይ እናወጣለን፤ ቦዩ ፍቅፋቂውን ስለሚሰበስብ ብሎኑ ጥርስ ማጽጃ ይሆናል። እንዲያውም አዲስ ጥርስ ስለማይቆርጥ ካልሠለጠነ እጅ ጋር ከታፕ ይልቅ ይህ ይሻላል እላለሁ።

የቶርኖ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ነገር እንድጨምር ይፈቀድልኝ። ጥርሱ ጸድቶ ብሎኑ ገባ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ዳዶ ሸክሙን ለጥርሶቹ በእኩል አያካፍልም፤ ወደ ብሎኑ ራስ የሚቀርበው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን የሸክሙን ሲሶ ያህል ይሸከማል፤ የተበሉት ደግሞ እነዚያው ናቸው። እንዲያም ሆኖ ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሲሄዱ ሸክሙ ወደ ሚቀጥሉት ይሸጋገራል። መለኪያችን የቀረው ደኅና ጥርስ ርዝመት ነው፤ ብረት በብረት ሲታሰር ከብሎኑ ውፍረት ጋር የሚተካከል፣ ማለትም 14 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቢይዝ ጥሩ ነው። ድሮ ብሎኑ ከዳዶው ጀርባ ሳያልፍ ይቀር ከነበረ፣ ጥራቱ ተመሳሳይ የሆነ ትንሽ ረዘም ያለ ብሎን ብናስገባ ሥራ ፈተው የነበሩትን የኋላ ጥርሶች እንጠቀምባቸዋለን።

ይህም ካልበቃ የጥርስ ሽቦ ማስገባት ነው። ከማይዝግ ብረት የተጠቀለለ ሞላ የሚመስል ነገር ሲሆን፣ ቀዳዳው ለእሱ በተለየ ታፕ ሰፍቶ ይቆረጥና እሱ ገብቶ የድሮውን መጠን ይመልሳል። ለ14 ብሎን የሚቆረጠው ጥርስ ከጥግ እስከ ጥግ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ የዳዶው ግድግዳ ይሳሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የዳዶውን ስፋት መለካት ያስፈልጋል። 16 ብሎን እናስገባ ያሉትም ሰው ቀዳዳ በማስፋቱ ብቻ አይደለም የተሳሳቱት። ትልቁ ብሎን እንዲያልፍ በጎሚኒው መካከል ያለው የብረት ቱቦም መቦርቦር አለበት፤ ያን ጊዜ የተበላሸው ሁለት ዕቃ ይሆናል።

የዓባይ በረሃን ነገር አቅልለው አይዩት። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር መንኮራኩሩ ብራቾውን ወደኋላ ይገፋዋል፣ ያን ግፊት የሚቋቋመው ይኸው ብሎን ነው። ብሎኑ በሚገባ ካልጠበቀ ብራቾው ይንቀሳቀሳል፣ መንቀሳቀስ ከጀመረም ብሎኑ ራሱ እየላላ ይሄዳል። ሥራው ሳያልቅ አይጓዙ።

እንግዳ (ቡሬ)፦

ብሎኑ ላይ ግሪስ መቀባት ይፈቀዳል? ዝገት ይከላከላል ብለው ሲቀቡ አይቻለሁ።

የጣና ዳር መካኒክ፦

በሞተር ዘይት በስሱ ማርጠብ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በአምራቹ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የማጥበቂያ ልክ ለደረቅ ጥርስ የተሰጠ ከሆነ፣ ቅባት ሲነካው በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይወጠራል። በረጅም ቁልፍና በጉልበት መገመት ይቅርና ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ) ይፈልጉ። ሌላም ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ፦ ጎሚኒ ያለበት ብሎን የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኘው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ሲቆም ነው። መንኮራኩሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና በጥቂት ወራት ይቀደዳል።

የዳሞት ሹፌር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድሮውን ብሎን ስለካው አሥሩ ጥርስ 15 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ሱቅ የገዛነው 20። ተሸካሚው ብረት ከጀርባው ለጭቃ መውጫ የሚሆን ቀዳዳ ነበረው፤ ነገር ግን የታፑ መያዣ ስለማይገባበት በመጋዝ ቦይ ያወጣንለትን ብሎን ራሱን ቆርጠን፣ ጫፉን ለቁልፍ እንዲመች አራት ማዕዘን ሞርደን፣ ከኋላ በኩል በትንሽ ቁልፍ አዞርነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሁለት ጥርስ ሙሉ በሙሉ ሄዷል፣ ሦስተኛው ግማሹ ቀርቷል። የዳዶው ውፍረት 18 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ደኅናው ወደ 14 ይጠጋል፤ የድሮው ብሎን ግን ከጀርባው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ገብቶ ይቀር ነበር። 10.9 የሆነና 5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ብሎን ባሕር ዳር እንዲፈለግልኝ ልኬያለሁ። እስከዚያ መኪናዋ በክሪክና በእንጨት ላይ ናት፤ አዲስ አበባም በአውቶቡስ እሄዳለሁ።